ጫፍ ያልደረሰው ባንዲራ፦ ከደሴ አንድ ትምህርት ቤት የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የሆነው ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። መስከረም ላይ፣ ትምህርት በተጀመረ ሰሞን፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ የሚሰቀለው ባንዲራ ጫፍ ሳይደርስ ቆመ። 3 ሜትር ገደማ ሲቀረው ገመዱ አልንቀሳቀስ አለ። ወደ ላይ ሲሳብ አይሄድም፤ ወደ ታች ሲሳብ አይመጣም። መዝሙሩ አለቀ፣ ልጆቹ ወደ ክፍል ገቡ፣ ባንዲራው እዚያው ቀረ።

እኔ የትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት አባል ነኝ። ሥራዬ ብየዳ ስለሆነ ጥገናው ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነበርኩ። እንዲህ ያለ ምሰሶ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቀበሌውና በየጤና ጣቢያው ግቢ ቆሟል። የኛ ላይ የደረሰው ሌላውም ጋ መድረሱ አይቀርምና ዝርዝሩን እጽፋለሁ።

መሃል ላይ የቆመ ባንዲራ ዝም አይልም

ሲታይ ቀላል ብልሽት ነው። ግን ዝቅ ብሎ የቆመ ባንዲራ መልእክት አለው። ብሔራዊ ሀዘን ሲታወጅ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ ይውለበለባል። መጋቢት 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ እንዲያ ሆኗል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ መሬት ተንሸራቶ ብዙ ወገን ሲቀበርም የ3 ቀን ሀዘን ታውጆ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ደሴ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የገባባት ከተማ ናት። እዚህ ሰው እንዲህ ያለ ምልክት አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም።

በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴት ጥበቃውን፣ "ጋሼ፣ ማን ሞቶ ነው?" ስትል ጠየቀቻቸው። "አብሽሪ፣ ማንም አልሞተ። ገመዱ ነው" አሏት። ከዚያ በኋላ ልጅ የሚያደርስ ወላጅ ሁሉ ይህንኑ ይጠይቅ ጀመር። አንድ አባት ከመምህራኑ አንዱ ያረፈ መስሏቸው ለቅሶ ሊደርሱ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። እንዲህ ያለ ድንጋጤ በሰው ላይ መጣል ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላም ጣጣ ነበረ። የክልሉ ባንዲራ አጠገቡ ባለ አጠር ያለ ምሰሶ ላይ ነው። እሱ ያለችግር ጫፉ ላይ ይውለበለባል። የአገሪቱ ባንዲራ ከሱ ዝቅ ብሎ ታየ። ርዕሰ መምህሯ ይህ ሌላ ወሬ እንዳያስነሳ ሰግተው፣ ጥገናው እስኪያልቅ የክልሉም ይውረድ አሉ። ጥሩ አደረጉ።

ህብረቱ ሲሰበሰብ መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ "ማን አበላሸው?" የሚል ነው። አንዱ ልጆቹ በገመዱ ተጫውተው ነው አለ። ሌላው ጥበቃው በጉልበት ስበው ነው አለ። "ለባንዲራ ክብር ከጠፋ ቆየ" ያሉም ነበሩ። እኔ ይህን አልተቀበልኩም፤ አሁንም አልቀበልም። ክብሩ ነበረ። ጥበቃው ባንዲራውን በየቀኑ ሲያወርዱ አጥፈው፣ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። የጎደለው ደህና ገመድና በቦታው የታሰረ ቋጠሮ ነው። ክብርን ከሰው ልብ ውስጥ ስንፈልግ ምሰሶው ጫፍ ላይ ገመዱ የሚዞርበትን መንኮራኩር፣ ፑሊውን፣ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም።

ላይ ምን ነበረ?

ከምሰሶው ፊት ለፊት ፎቅ ያለው የመማሪያ ሕንፃ አለ። እዚያ ወጥተን በስልክ ካሜራ አጉልተን አየን። ሁለት ነገር ታየ። ፑሊው አፍ ላይ አንድ ትልቅ ቋጠሮ ተወትፏል። ገመዱ ደግሞ ከፑሊው ቦይ ወጥቶ፣ በመንኮራኩሩና በጎኑ ባለው ላሜራ መሃል ገብቶ ተቀርቅሯል።

ቋጠሮው ከየት እንደመጣ ጥበቃው አስረዱን። ክረምት ላይ ገመዱ ተበጥሶ ነበር። ሌላ እንዲገዛ ተናግረው መልስ ሲያጡ፣ ያገኙትን ቀጭን ናይለን ቀጠሉበት። እንዳይፈታ ብለውም ደጋግመው ቋጠሩት። በእጃቸው ባለው ነገር የቻሉትን ነው ያደረጉት።

ቋጠሮው ለምን ባንዲራውን እንዳቆመው ለመረዳት የገመዱን አካሄድ ማየት ያስፈልጋል። የባንዲራ ገመድ ዙሪያውን የገጠመ ነው። ከታች ይነሳል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፑሊው ላይ ይዞራል፣ በሌላው ጎን ይወርዳል፣ መልሶ ከራሱ ጋር ይገናኛል። ባንዲራው በአንዱ ጎን ይታሰራል። ሌላውን ጎን ወደ ታች ሲስቡት ባንዲራው ይወጣል። እንግዲህ በባንዲራውና በፑሊው መካከል ያለው ገመድ ሁሉ በፑሊው ውስጥ ማለፍ ግዴታው ነው። ከባንዲራው በታች ያለው ግን ፑሊው ጋ አይደርስም። በሚሳበው ጎን ያለውም ከፑሊው እየራቀ ነው የሚወርደው።

የኛ ቋጠሮ ከባንዲራው በላይ፣ 3 ሜትር ገደማ ላይ ነበር። ቋጠሮው ፑሊው ጋ ደርሶ ሲወተፍ ባንዲራው ከጫፉ 3 ሜትር ዝቅ ብሎ ቆመ። ሲቆም ደግሞ ከታች በኃይል ተሳበ። ፑሊው የተሠራው ለ10 ሚሊ ሜትር ገመድ ነው። የተቀጠለው ግን 5 ሚሊ ሜትር ነበር። ቀጭን ገመድ ሰፊ ቦይ ውስጥ ይዋልላል፤ በኃይል ሲሳብ ከቦዩ ዘሎ ይወጣል። የወጣው ገመድ ጎን ላይ ተቀረቀረ። ያኔ ማውረድም አልተቻለም።

ማንም እንዳይወጣ

አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ "እኔ ልውጣ፣ ለምጃለሁ" አለ። ቀልጣፋ ልጅ ነው፤ ሊወጣም ይችል ነበር። ርዕሰ መምህሯ "የኔ ልጅ፣ አንተ ከባንዲራው ትበልጣለህ" ብለው ከለከሉት።

ልጁ አለመውጣቱ ምን ያህል ልክ እንደነበር የታየው የምሰሶውን እግር ስንፈትሽ ነው። ምሰሶው 8 ሜትር የሚሆን የውሃ ቧንቧ ነው፤ በቀጥታ ሲሚንቶ ውስጥ ተተክሏል። ከሲሚንቶው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀለሙ አብጦ ነበር። በመዶሻ መታ መታ ስናደርገው የሞተ ድምፅ ሰጠ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ካነሳን በኋላ ካቻቢቴ ስንገፋበት በስቶት ገባ።

ምክንያቱ ሲሚንቶው ነው። ምሰሶው ዙሪያ ጎድጎድ ብሎ ነው የተሞላው። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ጉሙ ከጦሳ ይወርዳል። ውሃው ምሰሶው እግር ላይ ይተኛል። ውሃና አየር አብረው በሚያገኙት በዚያ ቀጭን መስመር ላይ ብረት ቶሎ ይበላል። ከላይም ቧንቧው ክዳን ስለሌለው ዝናብ ወደ ውስጡ ይገባ ነበር። ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም እየተበላ ነበር ማለት ነው።

መሰላል ማስደገፍም አይሆንም። መሰላሉ ላይ የሚወጣው ሰው ክብደት ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በዚያው በተበላው ምሰሶ ላይ ነው። ስለዚህ ገመዱን ለማስለቀቅ ወደ ላይ ከመውጣት፣ ምሰሶውን ራሱን ወደ ታች ማምጣት ይሻላል ተባለ። እግሩ መለወጡ ካልቀረ አንድ ሥራ ነው።

ቅዳሜ ልጆች በሌሉበት ወረድንበት። መጀመሪያ የታየው የመብራት ሽቦ ነው። ምሰሶው በየትኛውም አቅጣጫ ቢወድቅ ሽቦ እንደማይነካ ተረጋገጠ። ከዚያ በረጅም እንጨት እያነሳን 5 ሜትር ገደማ ላይ ሦስት ወፍራም ገመዶች አሰርን፤ በሦስት አቅጣጫ ሰዎች ወጥረው ያዙ። በሚተኛበት በኩል ረጃጅም የባህር ዛፍ ባላዎች ተዘጋጁ። እግሩን በግራይንደር ቆረጥኩት። ምሰሶው ቀስ እያለ ባላዎቹ ላይ ተኛ። መሬት ከመድረሱ በፊት ጥበቃውና አንዲት መምህርት ባንዲራውን በእጃቸው ተቀበሉት። አፈር አልነካም። ይህን ማንም አላዘዛቸውም።

አዲሱ እግርና አዲሱ ገመድ

አሁን ሲሚንቶው ውስጥ የተተከለው ምሰሶው አይደለም። ሁለት የዩ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች 1 ሜትር ወደ ታች ገብተው ቆመዋል፤ ከመሬት በላይ ደግሞ 1 ሜትር ከ20 ይሆናሉ። ምሰሶው በሁለቱ መሃል ገብቶ በሁለት ወፍራም ብሎን ታስሯል፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። የታችኛው ብሎን ሲወጣ ምሰሶው በላይኛው ላይ ዞሮ ይተኛል። ሦስት ጠንካራ ሰው ይበቃዋል። ከእንግዲህ ፑሊው ቢበላሽ፣ ገመዱ ቢያመልጥ፣ ማንም ወደ ላይ አይወጣም።

የምሰሶው የታችኛው ጫፍ ከሲሚንቶው ከፍ ብሎ ነው የቆመው፤ ውሃ አይተኛበትም። ሲሚንቶውም ከመሃል ወደ ዳር እንዲያዘቀዝቅ ተደርጓል። አናቱ ላይ ክዳን ተበየደ። ብሎኖቹ ሁለት ሁለት ዳዶ አላቸው፤ ንፋስ ምሰሶውን ሲያወዛውዘው አንድ ዳዶ ብቻውን እየላላ ይሄዳልና።

ገመድ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የብዙው ችግር ምንጭ እሱ ነው። ሰኞ ገበያ ብትሄዱ ብዙ ዓይነት ታገኛላችሁ። የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ያጥራል፣ ሲደርቅ ይላላል፣ ውሎ አድሮ ይበሰብሳል። ናይለን ጠንካራ ነው፤ ግን ይለጠጣል፣ በተለይ ሲረጥብ። ጠዋት ወጥረው ያሰሩት ባንዲራ ከዝናብ በኋላ ወረድ ብሎ ይገኛል። ርካሹን የፕላስቲክ ገመድ ደግሞ ፀሐይ ትበላዋለች፤ በእጅ ሲያሹት እየተፈረፈረ ይመጣል። ደሴ ብርድ ስለሆነ ፀሐይዋ አትጎዳም የሚል ሰው አለ። ተሳስቷል። ደሴ ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር የፀሐይ ጨረር ይበረታል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ሙቀቱ ይብሳል፤ ገመድ የሚያቃጥለው ጨረር ግን እኛ ጋ ነው የሚጠነክረው።

እኛ የመረጥነው ጥቅጥቅ ተደርጎ የተጎነጎነ የፖሊስተር ገመድ ነው። ብዙም አይለጠጥ፣ ፀሐይም ቶሎ አይበላው። ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ፑሊው ለሱ ልክ በሆነ ተቀየረ፤ በመንኮራኩሩና በጎኑ ላሜራ መሃል ያለው ክፍተት ገመዱን አያስገባም። ኩሽኔታውም ግራሶ ተቀባ። ርዝመቱ የምሰሶው እጥፍ፣ ማለትም 16 ሜትር፣ ለማሰሪያ 2 ሜትር ተጨምሮ 18 ሜትር ሆነ። አንድ ወጥ ነው፤ ቅጥል የለውም።

ባንዲራውን ማሰር

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ገመዱ ዙሪያውን እንዲገጥም ሁለቱ ጫፎቹ የሆነ ቦታ መገናኘት አለባቸው። አንድ ቋጠሮ አይቀርም። ጥያቄው የት ይሁን ነው። መልሱ፦ ከባንዲራው ጎን፣ በላይኛውና በታችኛው ማሰሪያ መሃል። እዚያ ከሆነ ከላይኛው ማሰሪያ በታች ስለሆነ ፑሊው ጋ ከቶ አይደርስም። የድሮው ገመድ ቅጥልም እዚያ ቦታ ቢውል ኖሮ ባንዲራው ጫፉ ይደርስ ነበር።

ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ ቦታ የገመዱን አንድ ጫፍ ከባንዲራው የላይኛ ጥግ፣ ሌላውን ከታችኛው ጥግ ጋር ያስሩና ባንዲራው ራሱ ገመዱን ያገናኛል። ያኔ ገመድ በተሳበ ቁጥር ኃይሉን የሚሸከመው ጨርቁ ነው። የኛም አሮጌ ባንዲራ የላይኛ ጥጉ የተተረተረው በዚህ ነው። ገመዱ ከጨርቁ ጎን በራሱ ሲገናኝ ግን ጉተታውን የሚሸከመው ገመዱ ይሆናል። ባንዲራው የሚሸከመው ንፋሱን ብቻ ነው።

በሁለቱ ማሰሪያዎች መሃል ያለው የገመድ ርዝመት ከባንዲራው ወርድ ጋር እኩል መሆን አለበት። ካጠረ ጨርቁ ይሸበሸባል፣ ወደ ታችም ይንዘላዘላል። ከረዘመ ጉተታው ተመልሶ ጨርቁ ላይ ይወድቃል። የኛ ባንዲራ ወርዱ 1 ሜትር ስለሆነ፣ ባንዲራውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን በልኩ አሰርን።

ማሰሪያዎቹ ምላስ ያላቸው የብረት መንጠቆዎች ናቸው። መንጠቆው ገመዱ ላይ የሚታሰረው እንዲህ ነው። ገመዱ ላይ ትንሽ ዙር ይሠራል። ጫፉ መንጠቆው ቀለበት ውስጥ ካለፈ በኋላ በዚያች ዙር ከሥር ይወጣል፣ በዋናው ገመድ ጀርባ ይዞራል፣ ተመልሶ በዚያችው ዙር ይገባል። ሲሳብ ይጠብቃል እንጂ አይንሸራተትም። ሲፈለግም በእጅ ይፈታል። ጥበቃው አንዴ አይተው ያዙት፤ በሬ ሲያስሩ የኖሩበት ቋጠሮ መሆኑን ነገሩኝ።

ላይኛው መንጠቆ አረንጓዴ፣ ታችኛው ቀይ ፕላስተር ተጠቅልሎበታል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ እንደተቀመጠው ከላይ አረንጓዴ፣ ከመሃል ቢጫ፣ ከታች ቀይ፣ መሃሉ ላይ ዓርማው ነው። ጠዋት በብርድ፣ በጉም፣ 1,000 ልጅ ተሰልፎ እያየ የሚያስር ተማሪ ይደናገጣል። ቀለሙ እጁን ይመራዋል። ተገልብጦ የመሰቀል ዕድሉ በዚህ ብቻ ተዘጋ ማለት ይቻላል።

የገመዱ ማሰሪያ ብረት ከመሬት 1 ሜትር ከ40 ላይ ተበየደ። ባንዲራው ጫፍ ከደረሰ በኋላ ሁለቱም ገመድ ተወጥሮ በ8 ቁጥር ቅርጽ ይጠመጠምበታል። ካልተወጠረ ንፋስ ሲነሳ ገመዱ ሌሊቱን ሙሉ ቧንቧውን ሲደበድብ ያድራል። በድምፁ ጎረቤት ይረበሻል፤ ገመዱም ይፋቃል።

ትልቁ ባንዲራ

ኮምቦልቻ የሚሠራ አንድ ወላጅ ይህን ሲሰሙ በደስታ አዲስ ባንዲራ አመጡ። 1 ሜትር ተኩል በ3 ሜትር ነው። ያምራል። ይሰቀል የሚለው ድምፅ ብዙ ነበር።

እኔ ተቃወምኩ፤ ምክንያቴንም አስረዳሁ። የባንዲራው ርዝመት ከምሰሶው ሩብ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ለ8 ሜትር ምሰሶ 2 ሜትር ማለት ነው። 1 በ2 የሆነው ባንዲራ ስፋቱ 2 ካሬ ሜትር ነው። የመጣው 4 ካሬ ተኩል ነው፤ ንፋሱ ምሰሶውን የሚገፋበት ጉልበት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይደርሳል። የበጋውን የከሰዓት ንፋስ የሚያውቅ ሰው ይህን አይንቀውም። ትልቁ ባንዲራ አሁን በሕንፃው ግድግዳ ላይ በበዓል ቀን ይዘረጋል። ሰውየውም ደስ ብሏቸዋል።

የባንዲራው ጫፍ በንፋስ ሲበላ ቆርጦ እንደገና መስፋት ይቻላል የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ለሌላ ጨርቅ ይሆናል። ለሰንደቅ ዓላማችን ግን አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 654/2001 ወርዱ የርዝመቱ ግማሽ እንዲሆን ተወስኗል። ከጫፉ ሲቆረጥ መጠኑ ይዛባል፣ ዓርማውም ከመሃል ይወጣል። ይልቅ ከመጀመሪያው የሚውለበለበው ጫፍ ደጋግሞ እንዲሰፋ ልብስ ሰፊውን ጠየቅን። አራት መስመር ስፌት አደረገልን። የተበላው ባንዲራ ይቀየራል።

ከዚያ በኋላ

የሰንደቅ ዓላማ ቀን በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ነው፤ ሥራው ለዚያ ደረሰ። ሁለት ተማሪዎች ሰቀሉ፤ አንዷ ገመዱን ስትስብ አንዱ ጨርቁ እንዳይጠመዘዝ ይይዝ ነበር። ቀድመው ባዶ ሜዳ ላይ ተለማምደዋል። ልምምዱ የተያዘው መዝሙሩ ሲያልቅ ባንዲራው ጫፍ እንዲደርስ፣ እጅ በእጅ እየተካ፣ ሳይነጥር በእኩል ፍጥነት ነው። ደረሰ።

ብሔራዊ ሀዘን ቢታወጅ ምን እንደሚደረግም ተነግሯቸዋል። መጀመሪያ ጫፍ ድረስ ይወጣል፣ ከዚያ ዝቅ ይላል። ሲወርድም እንደገና ጫፍ ደርሶ ነው የሚወርደው። ለዚህ እንዲያገለግል ገመዱ ላይ በቀለም ምልክት ተደርጓል፤ ዝቅ ሲል ሁልጊዜ አንድ ቦታ እንዲቆም።

ኃላፊነቱ የጥበቃው ነው። በየሳምንቱ አርብ ባንዲራው ሲወርድ ገመዱን በእጃቸው እያሳለፉ ይዳስሳሉ። የሻከረ ቦታ ካገኙ ለርዕሰ መምህሯ ይናገራሉ፤ ለገመድ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ህብረቱ ለይቶ አስቀምጧል። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ገመዱ ተፈትቶ ዕቃ ቤት ይገባል። በምትኩ ፑሊው ውስጥ ቀጭን ሲባጎ አልፎ ይከርማል፤ መስከረም ላይ ገመዱ የሚመለሰው በሱ ተስቦ ነው።

የክልሉ ባንዲራ ምሰሶ እግርም ተፈትሿል። ዝገቱ ገና ላይ ላዩን ነው፤ ሲሚንቶው ግን እንደዚያኛው ጎድጎድ ያለ ነው። በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት በተመሳሳይ እግር እንዲተከል ተወስኗል። የዩ ብረቱ ተገዝቷል፤ ብሎኑ ይቀራል።